እሳት ያልነደደበት ቤት

እኔ ከፊልም ፈርቼ አላውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ነርስ ሆኖ የኖረ ሰው በቴሌቪዥን ቀይ ቀለም አይደነግጥም። እኔን የሚያስፈራኝ ፊልሙ ሲያልቅ አግዳሚውን እያንኳኳ የሚወጣው ሰው ነበር። አምቦ ከተማ ሙሉ፣ ከነምላሱ።

ጊዜው ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው። በሰፈራችን አዳራሽ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ይታይ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ስብሰባ አለ። ስብሰባው ላይ ያልተገኘ ሰው ፊልሙን አያይም፤ በሩ ላይ ስም ይጠራል። ስለዚህ ሕዝቡ ስለ ጽዳት ዘመቻና ስለ ችግኝ የሚነገረውን ሁሉ በትዕግሥት ያዳምጣል፣ አጨብጭቡ ሲባል ያጨበጭባል። ጥልፍ ጨርቅ የለበሰው ቴሌቪዥን ሲገለጥ ነው እውነተኛው ጭብጨባ የሚመጣው።

ካሴቶቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ተገልብጠው ነው። የሚገለብጠው ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቆጣቢ እንደነበር ግን አውቃለሁ። በአንዱ ካሴት ሁለት ፊልም አጭቆ ስለሚልክ ሁለተኛው ፊልም መጨረሻ የለውም። ልክ ነገሩ ሲከር ቴሌቪዥኑ ላይ ዝናብ የመሰለ ነገር ይወርድና ያበቃል። የአዳራሻችን ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። ፊልሙ ሲቆረጥ ሰው ከመቀመጫው አይነሳም። ሁሉም ቁጭ ብሎ «ቲቸር፣ ጨርሰው» ይላል።

ቲቸር የእንግሊዝኛ መምህሩ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ በእጁ የካርታ ማሳያ ዘንግ ይዞ፣ ፊልሙን መጀመሪያ በአማርኛ ከዚያ በኦሮምኛ ይተረጉማል። ሲቆረጥ ደግሞ ቀሪውን ከራሱ ይጨርሳል። ሌባው ይያዛል፣ ልጅቷ ትድናለች፤ የከፋው ቀን ደግሞ ሁሉንም ይፈጃቸዋል። አንድም ቀን «አላውቅም» ብሎ አያውቅም። ሕዝቡም ከሆዱ አውጥቶ እንደሚያወራ እያወቀ፣ አምኖት ወደየቤቱ ይሄድ ነበር።

እኔ ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ባሌ ከባኮ በቆሎ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር፤ በሽታ በሦስት ሳምንት ነጥቆኝ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ልጅ አልሰጠንም። ጤና ጣቢያ እሠራለሁ፣ ከተማው ሁሉ ሲስተር ይለኛል፣ መርፌ ሲያይ የሚያለቅስ ጎረምሳ አልወድም። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ፊልም ላይም አፌን መዝጋት አልችልም። አንድ እሁድ ጉሮሮው የተቆረጠ ሰውዬ ረጅም ንግግር ሲያደርግ «ኧረ ተው፣ በዚህ ጉሮሮ ማን ያወራል?» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። መምህሩም ዘንጉን አውርዶ አብሮ ሳቀ።

ማክሰኞ ጤና ጣቢያ መጣ። ካርድ አውጥቶ፣ ተራ ጠብቆ ነው የገባው። ምን እንዳመመው ብጠይቀው ምንም አላመመውም። ሰው ምን ያህል ደም ከፈሰሰው በኋላ መናገር እንደሚያቆም ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ በትክክል መተርጎም ፈልጌ ነው አለኝ። ውጭ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ እሱ የሞተ ሰው ይመረምራል። አባረርኩት። በሩ ጋ ሲደርስ ግን «ከምላሱ በፊት የሚፈዘው ዓይኑ ነው» አልኩት። በሚቀጥለው እሁድ አንዱ ሲወጋ «ዓይኑ ፈዘዘ» ብሎ ተረጎመና ወደ እኔ አየ። ጅማሬያችን እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሌላ ሴት አበባ ይሰጣታል።

ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ጎጆ ከምትባል ከተማ ነው የመጣው፣ ከገብሱና ከድንቹ አገር፣ ሰው ሰኔን እንደ ጠላት ከሚያይበት ደጋ። አዮ የሚላት እናቱ ፈትላ ያሠራችለት ባና አለው፤ ያ የበግ ጠጉር ወፍራም ብርድ ልብስ። ጠባብ ነው፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን። እሱን ተከናንቦ ክፍል ስለሚገባ ተማሪዎቹ ይስቁበት ነበር። እኔንም ዓመት ሙሉ «እርስዎ» እያለ ነው ያናገረኝ። እኔም ያንን ዓመት ሙሉ ቀስ በቀስ ስወደው ነበር፤ አሁን ማንን እፈራለሁ፣ ወድጄው ነበር።

ሁለታችንም የሚያስፈሩትን ፊልሞች እንወድ ነበርና እያደር አንድ ነገር አስተዋልኩ። በእነዚያ ፊልሞች ዕድሜያቸው የተራራቀ ሰዎች ከተዋደዱ አንዳቸው የግድ ሰይጣን ነው። ሽማግሌው ሐኪም ወጣት ሚስት ካገባ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የድሮ ሚስቶቹ በሣጥን ተደርድረዋል። ጠና ያለች ሴት ወጣት ከወደደች፣ ደሙን ልትመጥጠው ነው። ለወጉ እንኳ አንድ ደግ የለም። ፈረንጅን ዕድሜ ይህን ያህል ያስፈራዋል እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። እኛስ ምን ለየን አለኝ። ስልሳ የሞላው ሰውዬ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ሲያገባ ድንኳን ተጥሎ ይበላል፣ ይጨፈራል፤ ተገልብጦ ሲሆን ነው እኛ የምንጮኸው። «ተገልብጦ» ሲል ግንባሩን አላበው፣ እኔም መርፌ ወደምቀቅልበት ድስት ዞርኩ።

ከተማው ግን ከእኛ በፊት ጨርሶት ነበር። ዳቦ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጸልዩልኝ ቤቴ ድረስ መጡ፤ ጸሎት አልጠላም፣ አሜን ብዬ ሸኘኋቸው። እሱ ላግባዎት ሲለኝ መጀመሪያ ሳቅኩበት። ሁለተኛ ሲጠይቀኝ ተቆጣሁ። ሦስተኛው ላይ ቁርጡን ነገርኩት። አባቱ በልጅነቱ ሞቶ እናቱ እሱን ብቻ ይዛ ነው የቀረችው፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ልጅ እወልዳለሁ ብዬ አልዋሽም። ስለዚህ እናቱ በራሷ ፈቃድ እሺ ካላለች የለሁበትም፣ የሰው አንድ ልጅ ቀምቼ እንቅልፍ አይወስደኝም አልኩት። ትምህርት ሲዘጋ እናቱ ዘንድ ወደ ጎጆ ሄደ። ሲመለስ ፊቱን አይቼ ገባኝ። ራሴ እመጣለሁ ብላለች አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ድንች በጫነ መኪና መጣች። እኔ ምን አውቄ። በሽተኞች መሃል ተራዋን ይዛ፣ ባናዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ተራዋ ደርሶ ስትገባ «አካም ቡልተን፣ አዴ» ብዬ ሰላም አልኳትና የት እንደሚያማት ጠየቅኩ።

«አላመመኝም» አለች በኦሮምኛ። «እናቱ ነኝ።»

ከእኔ በአራት ዓመት ብትበልጥ ነው። ወጉ እናቴ ማለት ነበር፤ እሱ ደግሞ ያሾፍኩባት ይመስላል። እህቴ እንዳልል ድፍረት ነው። አዴ፣ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደ ማለት፣ አልኩና በዚያው ቀረሁ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትሰድበኝ መልስ ሞልቶኛል። እሷ ግን እጄን ያዘችኝ። እጇ ሻካራና ሙቅ ነበር።

«ክፉ ሴት አይደለሽም፣ ጠይቄ ነው የመጣሁት» አለች። «ግን ያለኝ አንድ ነው። የልጅ ልጅ ሳላቅፍ ልሙት? ልቀቂልኝ።»

እንዲህ ሲሉኝ አልችልም። አንጀቴን በላችው። ነገ በአዳራሹ እንደሚተረጉም ነግሬ፣ ፊልሙ ሲያልቅ እሷ ባለችበት እንደማሰናብተው ቃል ሰጠኋት። እንግዲያው እዚያው እገኛለሁ ብላ ወጣች። እጄን ታጠብኩና ቀጣዩን ጠራሁ። ያ ሰውዬ ምን በደለኝ፣ መርፌውን ያለ ርኅራኄ ነው የወጋሁት።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሏል። እናቱ ስብሰባውን ሁሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀጥ ብላ አዳመጠች። ፊልም አይታ አታውቅም። ከልጇ ሌላ የምታውቀው ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ትከሻችን እስኪነካካ። እሱ ዘንጉን ይዞ ሲቆም ሁለታችንን በአንድ አግዳሚ ላይ አየ።  ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

የመጀመሪያው ፊልም የተኩስ ነበር፣ አለፈ። ሁለተኛው ግን፣ አምላክ ሲያሾፍብኝ፣ የእኛው ሆኖ ተገኘ። ገደል አፋፍ ላይ ትልቅ ቤት አለ። ባሏ የሞተባት አሮጊት ብቻዋን ትኖርበታለች። ጣራ ሊጠግን አንድ ወጣት ይመጣል፣ ዝናብ ይይዘዋል፣ ያድራል። ይዋደዳሉ። ባደረ ቁጥር የእሷ ፊት እየተወጠረ ጉንጯ ይሞላል፣ የእሱ ፀጉር ደግሞ ከሥሩ እየነጣ ይመጣል። አዳራሹ ጮኸ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በዚህ መሃል አንዱ ከኋላ «ሲስተር፣ ማሪው እንጂ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

ሌላ ቀን ቢሆን ዞሬ ልክ ልኩን እነግረው ነበር። ያን ቀን ግን አንገቴን ደፋሁ፣ ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ። እሱ በዘንጉ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታና መተርጎሙን ቀጠለ። እናቱ በክርኗ ነካችኝ።

«ለምንድን ነው እሳት የማያነዱት?»

ምን እንዳለች አልገባኝም። ወደ ቴሌቪዥኑ በአገጯ አመለከተች። ሰዎቹ ቤት ውስጥ ሆነው ሲነጋገሩ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣ ነበር። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ይህን ያደረጉት ለማስፈራራት ነው፣ መንፈስ ገባ ለማለት። እኛም እንዲያ አይተን ስንት ጊዜ ተንቀጥቅጠናል። የጎጆ ሴት ግን ከአፍ የሚወጣ እንፋሎት ምን እንደሆነ ከማንኛችንም በላይ ታውቃለች።

«ብርድ ነው የያዛት» አለች።

ከዚያ በኋላ እሷ ያየችው እኛ ያላየነውን ፊልም ነው። አሮጊቷ በተኛው ሰው አንገት ላይ እጇን ስትዘረጋ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ሲጮህ፣ እናቱ ከንፈሯን መጥጣ እጇን ልታሞቅ ነው አለች። ፀጉሩ ነጭ ሲሆን አመዳይ መታው አለች፤ እሷ አገር ገብሱንም እንዲሁ ያደርገዋል። አሮጊቷ በዚያ ረጅም ደረጃ ሻማ ይዛ ብቻዋን ስትወርድ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጎኔ ያለችው ሴት ግን በባናዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ይህን የሚያህል ቤት ሠርቶ ምድጃ የነፈጋት ማነው፣ ሰው የላትም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ባሏ ሞቷል አልኳት። ስንት ዓመቱ ነው አለች።

ፊልሙ አልተናገረም። «ስምንት» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የራሴን እንደተናገርኩ ያወቅኩት። ዞር ብላ አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ወደ ፊልሙ ተመለሰች።

መጨረሻው ላይ ወጣቱ ቁልፉን ያገኛል። የውጭውን በር ይከፍታል፣ ደጁ በረዶ በበረዶ ነው። አሮጊቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። እሱ አንድ እግሩን ከደጃፉ አውጥቶ ቆመ። ዝናቡ ወረደ። ካሴቱ አለቀ።

«ቲቸር፣ ጨርሰው» ተባለ ከዚህም ከዚያም። ሮጦ ያምልጥ ያለ አለ፣ መጥረቢያ ይዞ ይመለስላት ያለም አለ። እሱ ዘንጉን ወለሉ ላይ ተክሎ ቆመ።  ጩኸቱ እየበረታ ሲሄድ ከአጠገቤ እናቱ ተነሳች። አዳራሹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ትቷት ሄደ?» አለችው በኦሮምኛ።

«አላውቅም፣ አዮ» አለ። «በእኔ እጅ አይደለም።»

እንዲህ ብሎ አያውቅም። ሰው እንደተታለለ እያጉረመረመ ወጣ። ገንዘባችን ባይሆን ጭብጨባችን ይመለስልን የሚሉ ነበሩ።

ሦስታችን በዋናው መንገድ በዛፎቹ ሥር ሄድን። ቃል ቃል ነው። ጸሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ሰው ያያል፣ ይይ ብዬ ቆምኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ አትምጣ» አልኩት። «ለእናትህ ቃል ሰጥቻለሁ።»

እኔን አላየኝም፣ እናቱን አየ። እሷ ባናዋን እያስተካከለች መሬት መሬት ታያለች። ተው አላለች፣ እሰየው አላለች። ብርድ እንዳይመታሽ ግቢ አለችኝና ልጇን ይዛ ሄደች። ሰኞ ወደ ጎጆ ተመለሰች።

ሦስት ሳምንት አላየሁትም። አዳራሹንም ተውኩት፣ ስሜ በር ላይ ተጠርቶ ይቅር። ፊልም መጨረስ አቁሟል፣ ሲቆረጥ ዘንጉን አስቀምጦ ይወጣል ብለው ነገሩኝ። እኔ ከመድኃኒት ክፍሉ ሠራተኛ ጋር ተጣላሁ፣ ከጎረቤቴ ጋር ተጣላሁ፣ ከራሴ ጋር ግን መጣላት አልቻልኩም፤ ልክ ነው የሠራሁት። አንድ ምሽት ከሰል አቀጣጥዬ ብቻዬን ስቀመጥ ያቺ ደረጃው ላይ የተቀመጠች ሴት ትዝ አለችኝ። እሳቱ ከፊቴ እየነደደ በረደኝ። አለቀስኩ፣ ደህና አድርጌ።

በአራተኛው ሳምንት የድንች መኪናው ሾፌር በገመድ የታሰረ ጥቅል ይዞ ጤና ጣቢያ መጣ። ከጎጆ ለሲስተር የተላከ ነው አለ። ገመዱን በመቀስ ቆረጥኩት። ባና ነው፣ አዲስ፣ ገና በግ በግ የሚሸት። ደሜ ፈላ። ቃሌን ስለጠበቅኩ እጅ መንሻ መሆኑ ነው፤ ልጇን መልሼላት በብርድ ልብስ ልትክሰኝ። መልሰህ ውሰድላት ልለው አፌን ከፍቼ፣ እስቲ ልየው ብዬ በሽተኛ መመርመሪያው አልጋ ላይ ዘረጋሁት።

አልጋው አልበቃውም። በዚህም በዚያም ወለሉ ድረስ ወረደ። መሃሉን አየሁት። ሁለት ባና ጎን ለጎን ተገጥሞ፣ በወፍራም ክር፣ በእጅ ተሰፍቷል። ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ጠማማ ነው፣ ግን የጠበቀ።

«መልእክትም አላት» አለ ሾፌሩ፤ እንዳይረሳው እየደጋገመ እንደመጣ ያስታውቃል። «ልጄ ሲተኛ ይገላለጣል፣ ዳሩን እሷ ትያዝለት ብላለች።»

ጋውኔን ሳላወልቅ ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ወጣሁ። የተሰለፉት ሰዎች ሲስተር ወዴት ነው አሉ፤ ተራችሁን ጠብቁ፣ መጣሁ አልኳቸው። ቀትር ነው። በአምቦ መንገድ መሃል፣ በዚያ ጸሐይ፣ የሁለት ሰው ባና ለብሳ የምትሄድ ሴት አስቡ። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ የቆሙት ወሬያቸውን አቆሙ። እንደምን ዋላችሁ አልኳቸው። ላብ በጀርባዬ እየወረደ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ።

ክፍል ውስጥ ነበር። ተማሪዎቹ ቀድመው በመስኮት አዩኝ፣ እሱ ጠመኔ በእጁ ይዞ ወጣ።  ቀረብ ብሎ የባናውን መሃል ዳሰሰ፣ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ተከተለው፤ ባናው ላይ ነጭ የጠመኔ መስመር ቀረ። የእናቱን ስፌት ያውቀዋል።

«ምን አለች?» አለኝ። 

የሾፌሩን ቃል እንዳለ ነገርኩት። ዓይኑ ሞላ። እንባውን ሊጠርግ ሲል ፊቱን ጠመኔ አደረገው።

«እውነቷን ነው» አለ፤ «እገላለጣለሁ።»

«እይዝልሃለሁ» አልኩት።